ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ምን ይዘን እንሂድ?

ባለፈው ዓመት ቡታጅራ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አባወራ ድንገት አረፉ። ወሬው ከተሰማ ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ትልልቁ ብረት ድስት ከዕቃ ቤት ወጣ። በየቤቱ እንጀራ ተጋገረ፣ ሽሮ ተሠራ፣ ቡና ተቆላ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ጥግ ላይ ሦስት ሳፋ ሙሉ ምግብ ተቀምጦ አየሁ። ሽሮው ኮምጥጧል፣ እንጀራው በላብ ተጣብቋል። ሲመሻሽ አንዲት እናት ለከብት ይሆናል ብለው በዝምታ ገልብጠው ወሰዱት።

በ16ኛው ቀን እዚያው ቤት ጎራ አልኩ። ድንኳኑ ከተነሳ ቆይቷል። የሟች ባለቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። የ12 ዓመቷ ልጃቸው ጓዳ ውስጥ ፓስታ ትቀቅላለች። ለታናናሾቿ ምሳ መሆኑ ነው፤ ሰዓቱ ግን ዘጠኝ ሆኗል።

"እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ። ሰዉን አላህ ይስጠው፣ ያን ሰሞን ያልመጣ የለም። አሁን ግን የኔ ልጅ፣ ድስት ሳይ ይደክመኛል። ምን እንደምሠራ እንኳን አላውቅም" አሉኝ።

እኔ በእጄ የያዝኩት አንድ ኪሎ ሙዝ ነበር።

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው እንዲህ ያለው ነገር እንቅልፍ ይነሳል። በሁለተኛው ቀን የመጣችው 50ኛ ሰሃን ለማንም አልጠቀመችም፤ የተደፋችውም እሷ ናት። ያችው ሰሃን በ16ኛው ቀን ብትመጣ ኖሮ የሦስት ልጆች ምሳ ነበረች። ምግቡ አልጠፋም፣ ደግ ሰውም አልጠፋም። የተበላሸው ቀኑ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ቀኑ ነው። ከሐዘን፣ ከወሊድና ከሕመም በኋላ ባሉት ረጃጅም ሳምንታት ምን ሠርተን፣ እንዴት ይዘን፣ በማን ተራ እንሂድ?

እድሩ የሚደርስበትና የማይደርስበት

በቅድሚያ እድርን ለማማት አይደለም። የእድርን ታሪክ ያጠኑ አንዳንድ ምሁራን ጅማሬውን ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ላደገ ሰው እድር ማለት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ቀብሩ፣ ለቀስተኛውን ማስተናገዱ ሁሉ በእሱ ያልቃል። በዓለም ላይ እንዲህ ፈጥኖ የሚደርስ ኢንሹራንስ ያለ አይመስለኝም።

ግን እድሩ የተሠራው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሰው የሚሰበሰበው በ40 እና በ80 ነው፤ ያኔ ደግሞ ቤተሰቡ ራሱ ደጋሽ ይሆናል። በሙስሊሙም ለቅሶ የሚደረሰው በዋናነት ሦስት ቀን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ግን ዒዳ የሚባለውን 4 ወር ከ10 ቀን ቤቷ ትቆያለች። ገበያ መመላለሱ፣ እህል ማስፈጨቱ፣ ዘይት መግዛቱ ሁሉ በልጆችና በዘመድ እጅ ይወድቃል። ዘመድ አዲስ አበባ ከሆነ፣ እንደምታውቁት የኛ አገር ዘመድ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው፣ የሚቀሩት ልጆቹ ናቸው።

ለሐዘን ቤት ምግብ መሥራት በሁለቱም እምነት የተከበረ ነገር ነው። ነቢዩ ሙሐመድ የአጎታቸው ልጅ ጃዕፈር በሞተ ጊዜ ቤተሰቡ በሐዘን ተይዟልና ምግብ ይሠራላቸው ማለታቸው በሐዲስ ይነገራል። በቤተ ክርስቲያኑም በኩል ሐዘንተኛን ማጽናናትና የተራበን ማብላት ያልሰማነው ስብከት አይደለም።

ድንኳን ጭራሽ የማይተከልላቸው ደግሞ አሉ። እናቷ ሩቅ የሆነች አራስ። የስኳር ሕመም እግሩን የያዘው አባት። ሆስፒታል የተኛ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስታማሚው።

ይህን የመጨረሻውን ያየሁት ወልቂጤ ተማሪ ሳለሁ ነው። የክፍል ጓደኛችን ታሞ ሆስፒታል ተኛና ተራ ገብተን ምሳ እናመላልስ ጀመር። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ተኝተዋል፤ ልጃቸው ወለሉ ላይ ነጠላ አንጥፋ ታድራለች። ለአባቷ ሾርባ ትገዛለች፣ እሷ ግን ኪሷ ካለው ቆሎ እየዘገነች ነው ሦስት ቀን የሰነበተችው። ከተማው ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ምሳ ዕቃውን ስንከፍት "ነይ አብረን" አልናት። መጀመሪያ እንቢ አለች። ከዚያ በላች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆስፒታል ስሄድ ባለ ሦስት ተደራራቢውን ምሳ ዕቃ ነው የምይዘው፤ አንዱ የታማሚው፣ አንዱ የአስታማሚው፣ አንዱ ደግሞ የአጠገቡ አልጋ።

"ምን ላምጣ?" አትበሉ

ሐዘንተኛን "ምን ላምጣ?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው፤ "ኧረ ምንም! መምጣታችሁ ይበቃል"። ስለዚህ ከጎረቤት፣ ወይም ከቤቱ ትልቅ ልጅ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ የሚበላው ስንት ሰው ነው? ልጆች ካሉ በርበሬ መቀነስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ማብሰያው ምንድን ነው? ከሰል ነው፣ ምድጃ ነው፣ ቡታጋዝ ነው? ፍሪጅስ አለ? መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪጅ አለ ማለት ቁም ሳጥን አለ እንደማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የማይበላ ነገር አለ? በኛ ከተሞች ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው። ቡታጅራ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶች ያሉባት ከተማ ናት። የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም። ክርስቲያኑ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ወደ 180 የሚጠጉ ቀናት ይጾማል። ጴንጤው የራሱ ሥርዓት አለው። ስለዚህ ደንቡን አንድ ብናደርገው ይሻላል፤ ሥጋ ባልነካው ድስት፣ በዘይት የተሠራ ምግብ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቆጮ። ይህን ማንም ከማንም ቤት ይበላል፣ ለቀስተኛ ድንገት ቢገባም ሳይሳቀቁ ያቀርቡለታል።

ታማሚ ካለ ደግሞ ሐኪም የከለከለውን ጠይቁ። ጨው የተከለከለ ሰው ቤት ጨዋማ ወጥ ይዞ መሄድ ደግነቱን ያበላሸዋል።

የሚቆዩ ምግቦች

አሜሪካ ውስጥ ለአራስና ለታመመ ጎረቤት በየተራ ምግብ የማድረስ ልማድ አለ። ተራውን በኢንተርኔት ይመዘገባሉ፤ ምግቡን ብዙ ጊዜ በትሪ ጋግረው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡታል። እኛ ጋ ፍሪዘር በየቤቱ የለም። ያለን ግን ከፍሪዘር የቆየ ዕውቀት ነው። የሚደርቀውን ማድረቅ፣ የሚብላላውን ማብላላት እናውቃለን። ከዚህ በታች ያሉትን እኔና ጓደኞቼ ሠርተን ያደረስናቸው ናቸው። ዋጋ አልጻፍኩም፤ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል።

ቁሌት። ብልሃቱ ወጥ ሠርቶ ከመሄድ ይልቅ የወጡን አድካሚ ክፍል ሠርቶ መሄድ ነው። ድስት ሲያይ የሚደክመው ሰው የሚደክመው ሽንኩርት ልጦ፣ ከትፎ፣ አቁላልቶ ነው። 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉና ውኃው እስኪመጥ ድረስ ያለ ዘይት አቁላሉ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ በርበሬ ጨምሩ። የማረቆ በርበሬ ጎረቤታችን ስለሆነ በዚህ በኩል እድለኞች ነን። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጣችሁ ጨምሩና ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ በዝግታ ይብሰል። ከዚህ ለአንድ ቤተሰብ ሦስት ወይም አራት ወጥ ይወጣል። ፍሪጅ ካለ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ከሌለ ለዛሬና ለነገ የሚበቃውን ብቻ ውሰዱ፣ በማግሥቱ በደንብ ይፍላ።

ከቁሌቱ ጋር ምጥን ሽሮ። ግማሽ ኪሎ ምጥን ሽሮ በደረቅ ዕቃ አድርጉና በወረቀት ጻፉበት፦ "2 ማንኪያ ቁሌት፣ 2 የሻይ ብርጭቆ ውኃ። ሲፈላ 3 ማንኪያ ሽሮ እየበተኑ ማማሰል። ሩብ ሰዓት።" ይህን ወረቀት ትንሽ ልጅም አንብባ ትሠራዋለች። ያቺ የ12 ዓመት ልጅ በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ሳታይ ነው የሠራችው። ሽሮ ዱቄት ሆኖ ሳለ ለወራት ይቀመጣል፣ ከተሠራ በኋላ ግን በሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ዱቄቱን ስጡ።

ቆጮ። ወደ ራሳችን ስንመጣ፣ በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በእንሰት ይኖራል ይባላል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ተፍቆ ጉድጓድ ከገባ በኋላ ደግሞ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። ቀድሞ ተሠርቶ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ምግብ ከተባለ ከዚህ በላይ አላውቅም፤ እናቶቻችን ክፉ ቀን ከመምጣቱ በፊት ነው የሚያዘጋጁት።

ለመጋገር ቃጫው እንዳያስቸግር በቢላ ደጋግማችሁ ክተፉት፣ ውኃውን በጨርቅ ጨምቁ፣ እሹት፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላችሁ ምጣድ ላይ ጋግሩ። ይዛችሁ ለመሄድ ከሆነ ከወትሮው ሳሳ ይበል፤ ከበሰለ በኋላ ቅጠሉን አንሱና ሁለቱም ገጹ ደረቅ እስኪል ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ። ከእንጀራ የተሻለ ይቆያል፤ ሊበላ ሲል ምጣድ ላይ ሞቅ ማድረግ ነው። እንጀራ ሙቀት ባለበት በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሻጋታ ይጀምረዋል፣ ወልቂጤ ደግሞ ከቡታጅራ ይልቅ ሞቃት ናት። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን እንጀራ ይዞ ሲመጣ የሚሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። ለልጆች ቆጮ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ከጎኑ ምስር፣ ሽምብራ፣ ወይም ጾም ካልሆነ አይብና እንቁላል ይሁን።

ደረቅ ጎመን። ጎመኑን ቀቅሉ፣ ውኃውን እስኪጠፋ ጨምቁ፣ አድቅቃችሁ ክተፉ፣ ከዚያ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በዘይት አገላብጡ። ብዙ ሰው ጎመን ቶሎ ይበላሽብኛል የሚለው ውኃውን ስለማይጨምቅ ነው። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይበላ። ከቆጮ ጋር ያለውን መግባባት ለናንተ አልነግርም።

ቡላ ለአራስ። አራስ ቤት ከሆነ የምትሄዱት የቡላ ዱቄት በላስቲክ፣ ንጥር ቅቤ በትንሽ ጠርሙስ አድርጋችሁ ያዙ። ገንፎው ትኩሱን ካልተበላ አይጥምም፤ ሠርቶ መውሰድ ኪሳራ ነው። አሠራሩን ለባልየው አሳዩት። አዎ፣ ለባልየው። 1 ብርጭቆ የቡላ ዱቄት በ3 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ መጀመሪያ ይበጠበጣል። ሙቅ ውኃ ከነካው ይጓጉላል። ከዚያ እሳት ላይ ሳያቋርጡ ማማሰል፤ ነጭነቱ ጠፍቶ ጠራ ሲል በስሏል። ቡላም እንደ ቆጮ ጉልበት ሰጪ ብቻ ስለሆነ ወተት ወይም እንቁላል አብሮ ይሁን። እናትየው የምትጾም ከሆነች ደግሞ ቅቤውን ትታችሁ በፔርሙዝ የአጃ አጥሚት ያዙላት። ሌሊት ልጅ ሲነሳ አጠገቧ ትኩስ ነገር መኖሩን የምታመሰግነው እሷ ናት።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ። እነዚህ ቀላል ይመስላሉ። ግን ሐዘን ቤት ወይም አራስ ቤት እንግዳ አይቋረጥም፣ ለእንግዳ ሁሉ ቡና ይፈላል፣ ከቡና ጋር ደግሞ የሚቀመስ ነገር ያስፈልጋል። 1 ኪሎ የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር ተቆልቶ በደንብ ከተከደነ ሳምንታት ይቆያል። አጠገቡ ቡና፣ ስኳርና አንድ ፌስታል ከሰል ካደረጋችሁ የቤቱን ትልቅ ወጪ ቀነሳችሁ።

ክትፎውን ተዉት

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ለጉራጌ ክትፎ አትውሰዱ ማለት ያስኮርፋል። ግን አስቡት፤ ጥሬ ወይም ለብ ለብ ያለ ሥጋ፣ ፍሪጅ በሌለበት፣ መቼ እንደሚበሉ በማያውቁ ሰዎች ቤት። ለታማሚና ለነፍሰ ጡር ጥሬ ሥጋ ጭራሽ አይሆንም። በዚያ ላይ የሥጋው ጉዳይ ጎረቤቱን ከማዕዱ ያርቃል። ክትፎውን ለመስቀልና ለአረፋ አቆዩት።

ሩዝንም ተጠንቀቁ። በስሎ ሳይቀዘቅዝ ያደረ ሩዝ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ መርዝ ይተዋል፤ ያ መርዝ ዳግመኛ ስላሞቃችሁት አይጠፋም። ሩዝ ከሠራችሁ በዚያው ሰዓት የሚበላ ይሁን።

ለሁሉም ምግብ የሚሠራ ደንብ ይኸውና። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ውጭ አይቀመጥ። ትኩሱን በፕላስቲክ አትክደኑት፤ ሰፋ ያለ ሰሃን ላይ ዘርግታችሁ ቶሎ አቀዝቅዙትና ከዚያ ክደኑ። በላዩ የተሠራበትን ቀን ጻፉ። ሲሞቅ ደግሞ ለብ ማለት አይበቃም፣ መሃሉ ድረስ ይፍላ።

ስለ ዕቃውም ላንሳ። በባህላችን የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ጥሩ ባህል ነው፣ ግን ሐዘን ላይ ላለች እናት ዕዳ ይሆንባታል፤ "የማንን ሰሃን በምን ልመልስ?" ብላ ትጨነቃለች። ስለዚህ የማትፈልጉትን ዕቃ ተጠቀሙ፤ የታጠበ የማር ባልዲ፣ የቅቤ ጣሳ፣ ክዳን ያለው የአይስክሬም ዕቃ። "አይመለስም" ብላችሁ በላዩ ጻፉበት።

አምስት ሰው፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ

የሙዙ ቀን ማታ ለአራት ጓደኞቼ ጻፍኩ። ግሩፕ ከፈትንና ይህን ለጠፍን፦

"የሰፈር ምግብ ተራ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። የሚበሉት 4 ናቸው፣ 3ቱ ልጆች። ሁሉም በዘይት፣ ሥጋ የለም። በርበሬ ቀነስ። ፍሪጅ የለም። ከ11 ሰዓት በፊት ይድረስ። ቀን ምረጡ፣ የምትሠሩትንም ጻፉ፣ እንዳይደጋገም።"

ሒሳቡ ቀላል ነው። አምስት ሰው በሳምንት አንድ አንድ ቀን ቢይዝ አምስት ቀን ተሸፈነ። በሦስት ሳምንት 15 ምግብ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የዶሮ ወጥ የሚሠራ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም። ከኛ አንዱ እንቁላል እንኳን መጥበስ አይችልም፤ እሱ የሽንኩርቱንና የዘይቱን ብር በቴሌብር እየላከ፣ ምግቡን ደግሞ በባጃጅ እያደረሰ ተራውን ተወጣ።

ሁለት ነገር ተስማማን። ግሩፑ ላይ የቤተሰቡ ስም አይጻፍም። ፎቶና ቪዲዮ ደግሞ በጭራሽ። ቲክቶክ ላይ ሰሃን ሲሰጡ የሚቀረጹ ሰዎችን ሁላችንም አይተናል። ያቺ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጓደኞቿ የሚያሳዩዋት ቪዲዮ እንዲኖር አልፈለግንም። ምግቡን የምናደርሰውም ልክ ለቡና እንደሚመጣ ጎረቤት፣ በጓሮ በር ነበር።

ሐሳቡን ለሰፈራችን የእድር ዳኛም አንስቼባቸው ነበር። "ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ቀን ምግብ ትንሽ ተቀንሶ ለሦስተኛው ሳምንት ቢቆይስ?" አልኳቸው።

"ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የቀበረ ሰው ጦሙን ይመለስ ነው የምትሉት?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የድንኳኑ ምግብ ለሐዘንተኛው ብቻ የሚሠራ ሳይሆን ከሩቅ ለመጣው ሁሉ ነው፤ የሟችም ክብር አለበት። ማን ስንት ሰው እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል? ስለዚህ የእድሩን ለእድሩ ትተን የኛን መያዝ ነው። ለዚህ ስብሰባ፣ ማኅተም፣ ወርኃዊ መዋጮ አያስፈልግም። ስልካችሁ ላይ ቀን መቁጠሪያ አለ፤ ለቅሶ በደረሳችሁበት ማታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለውን ቀን ምልክት አድርጉ። ሌላው ሁሉ ሲረሳ ስልኩ ያስታውሳችኋል። በዚያ ቀን አንድ ዕቃ ቁሌትና ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይዛችሁ ጎራ በሉ። ብቻችሁን ብትሆኑም ይበቃል።

የኛ ተራ በአራተኛው ሳምንት ሊገባ ሲል አለቀ። አንድ ማክሰኞ ጎመን ይዤ ስሄድ ጓዳው ይጨሳል። እትዬ ራሳቸው ምጣድ ላይ ተቀምጠው እንጀራ እየጋገሩ ነው።

"ከነገ ወዲያ እንዳትደክሙ" አሉኝ። "በቃ እኔ አለሁ።"

ስወጣ ትልቋ ልጅ ፌስታል ይዛ ተከተለችኝ። ውስጡ "አይመለስም" ብለን የጻፍንባቸው የአይስክሬም ዕቃዎች ታጥበው ተደርድረዋል። ክዳናቸውን ሳነሳ ሁሉም ቆሎ ተሞልተዋል።